ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ስንት ኪሎ ሜትር፣ ስንት ሰዓት? የበረራ ርቀትንና የጉዞ ጊዜን ራስዎ የሚያሰሉበት መመሪያ

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ዲሲ በአየር 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ርቀት የሚያሰላ ገጽ ከከፈቱ ቁጥሩ ወዲያው ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ከጎኑ «የበረራ ጊዜ 15 ሰዓት» የሚል ይከተለዋል። ርቀቱ ልክ ነው። 15 ሰዓቱ ግን ለመሄጃውም ለመመለሻውም አይሆንም፤ መሄጃው ወደ 17 ሰዓት ይጠጋል፣ መመለሻው ከ13 ሰዓት ብዙም አያልፍም። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ገጹ ርቀቱን በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር አካፍሎ ግማሽ ሰዓት ደመረበት፣ በቃ። ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ፣ ቦሌ ምን ያህል ከፍታ ላይ እንዳለ፣ አውሮፕላኑ የት ወርዶ ነዳጅ እንደሚቀዳ አያውቅም።

ስሌቱ ለየትኛውም ሁለት ከተማ ይሠራል። እዚህ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይህንኑ አንድ መስመር እንከተላለን፤ ሰዎች የሚሳሳቱባቸው ነገሮች ሁሉ እዚህ መስመር ላይ አሉና። የሚያስፈልገው ወረቀትና የስልክ ካልኩሌተር ብቻ ነው። በብዙ ስልኮች ካልኩሌተሩን አግድም ሲያዞሩት ሳይንና ኮሳይን ይወጣሉ።

1. ከተማውን ትተው ኤርፖርቱን ይያዙ

ዋሽንግተን አካባቢ ሦስት ትልልቅ ኤርፖርቶች አሉ፦ ደለስ፣ ሬገን እና የባልቲሞሩ። ከአዲስ አበባ የሚሄደው አውሮፕላን የሚያርፈው ደለስ ነው፤ ከመሃል ከተማው በስተ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። ሬገን ከተማው አፍንጫ ሥር ቢሆንም ከጥቂት ልዩ ፈቃዶች በቀር ከ1,250 ማይል በላይ የሚሄድ በረራ አያስተናግድም። ስለዚህ ትኬቱ ላይ መድረሻው ሬገን ከሆነ መሃል ላይ አውሮፕላን ይቀይራሉ ማለት ነው። ባለ ሦስት ፊደል ኮዶቹን ይለዩ፦ ቦሌ ኤ-ዲ-ዲ፣ ደለስ አይ-ኤ-ዲ፣ ሬገን ዲ-ሲ-ኤ፣ ባልቲሞር ቢ-ደብልዩ-አይ።

2. ኬክሮስና ኬንትሮስን ያውጡ

ጉግል ማፕስ ላይ የኤርፖርቱን መንደርደሪያ በጣትዎ ጫን ብለው ሲይዙ ሁለት ቁጥሮች ይወጣሉ። የመጀመሪያው ኬክሮስ (ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ)፣ ሁለተኛው ኬንትሮስ (ከለንደኑ ግሪንዊች ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ) ነው፤ ሁለቱም በዲግሪ ይለካሉ።

ቦሌ፦ 8.9779 ሰሜን፣ 38.7993 ምሥራቅ
ደለስ፦ 38.9445 ሰሜን፣ 77.4558 ምዕራብ

እዚህ ላይ ሁለት ስህተቶች ይበዛሉ። አንደኛው የምዕራብን ምልክት መርሳት ነው። ከግሪንዊች በስተ ምዕራብ ያለ ኬንትሮስ ሁሉ አሉታዊ ነው፤ ደለስ −77.4558 ተብሎ ይገባል። የመቀነስ ምልክቱ ከቀረ ስሌቱ 5,085 ኪሎ ሜትር ይላችኋል፤ ያ ደግሞ ምዕራብ ቻይና ውስጥ ያለ ቦታ ነው። ሁለተኛው ደቂቃን እንደ አስርዮሽ ማንበብ ነው። 8 ዲግሪ ከ58 ደቂቃ ማለት 8.58 አይደለም፤ 58 ለ60 ተካፍሎ 8.97 ነው። ይህች ብቻ ቦሌን ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ትገፋዋለች።

3. አጭሩን መስመር ያስሉ

መሬት ሉል ስለሆነች በሁለት ቦታዎች መካከል ያለው አጭር መስመር የሚለካው በዲግሪ ነው፤ ወደ ኪሎ ሜትር የሚለወጠው ከዚያ በኋላ ነው። ከመጀመርዎ በፊት ሳይን 30 ብለው ይሞክሩ። 0.5 ካለ ካልኩሌተሩ በዲግሪ ነው፤ −0.988 ካለ በራዲያን (በሌላው የማዕዘን መለኪያ) ነው፣ ይቀይሩት። ውጤታቸው እብደት የሚሆንባቸው ሰዎች አብዛኞቹ የተሳሳቱት እዚህ ጋ ነው።

ሀ. የኬንትሮስ ልዩነት፦ 38.7993 − (−77.4558) = 116.2551
ለ. የሁለቱ ኬክሮሶች ሳይን ሲባዛ፦ 0.15605 × 0.62857 = 0.09809
ሐ. የሁለቱ ኬክሮሶች ኮሳይን በልዩነቱ ኮሳይን ሲባዛ፦ 0.98775 × 0.77776 × (−0.44237) = −0.33984
መ. ለ እና ሐ ሲደመሩ፦ −0.24175
ሠ. የዚህ አርክ ኮሳይን (ካልኩሌተሩ ላይ cos⁻¹)፦ 103.99 ዲግሪ
ረ. 103.99 × 111.195 = 11,563 ኪሎ ሜትር

111.195 የመጣው ከመሬት ዙሪያ ነው፦ አማካይ ሬዲየሱ 6,371 ኪሎ ሜትር፣ ዙሪያው 40,030፣ ያ ለ360 ሲካፈል። መሬት ፍጹም ሉል ስላልሆነች ውጤቱ እስከ ግማሽ በመቶ ሊዛነፍ ይችላል። በዚህ ርቀት ከ60 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፣ በበረራ የአራት ደቂቃ ጉዳይ ነው፤ አይጨነቁበት።

ማይል ላይ ግን ይጠንቀቁ። 11,563 ኪሎ ሜትር በተራው ማይል 7,185 ነው፤ አብራሪዎች በሚጠቀሙበት ናቲካል (የባሕር) ማይል ደግሞ 6,244። ሁለት ገጾች ስለ አንድ መስመር ሲጣሉ ካያችሁ ብዙ ጊዜ አንዱ ተራውን፣ ሌላው የባሕሩን ማይል ጽፎ ነው።

4. መስመሩ በየት በኩል እንደሚያልፍ ይመልከቱ

ዋሽንግተን ወደ ምዕራብ ያለች ይመስለናል፤ አጭሩ መስመር ግን ከቦሌ ሲነሳ አፍንጫው ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው። ጎጃምን አልፎ ሱዳን ይገባል፣ ሊቢያንና አልጄሪያን ያቋርጣል፣ ደቡብ ስፔንንና ፖርቱጋልን ነክቶ አትላንቲክ ላይ ይወጣል። ጠፍጣፋ ካርታ ላይ የጎበጠ ቀስት ይመስላል፤ ክር ወስደው ሉል ላይ ቢወጥሩት ቀጥ ያለ ነው።

አውሮፕላን ይህን መስመር እንዳለ አይበርም። ብዙ አየር መንገዶች የሊቢያን ሰማይ ይሸሻሉ። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲነሳ የሱዳን ሰማይ ለሲቪል በረራ ተዘጋ፤ ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ የሚሄደው ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም መፈለግ ነበረበት። በተጨማሪ አውሮፕላን በተመደበ የአየር ጎዳና ነው የሚሄደው፣ ከማረፉ በፊትም ተራ ይጠብቃል። ስለዚህ ለረጅም በረራ አጭሩን ርቀት በ1.03 ያብዙ። መንገድ ላይ የተዘጋ ሰማይ ካለ 1.04 ወይም 1.05 ያድርጉት።

5. ማረፊያውን ይጨምሩ፤ ቦሌ ለምን ነዳጅ እንደማያስሞላ

ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በ20 በመቶ ያህል ይሳሳል። የሳሳ አየር ለክንፉም ለሞተሩም አይበቃም፦ ክንፉ አውሮፕላኑን ለማንሳት መሬት ላይ የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል፣ ሞተሩ ደግሞ ጉልበቱ ይቀንሳል። ፍጥነት ሲጨምር ጎማውም ገደብ አለው። መንደርደሪያው 3,800 ሜትር ቢሆንም ሙሉ ተሳፋሪ፣ ሙሉ ጭነትና ለ11,500 ኪሎ ሜትር የሚበቃ ነዳጅ አንድ ላይ ይዞ መነሳት ይከብዳል። አንዱ መቀነስ አለበት፤ የሚቀነሰው ነዳጁ ነው፣ ምክንያቱም ተሳፋሪና ካርጎ ገንዘብ ነው። ደለስ ከባሕር ጠለል በላይ 95 ሜትር ገደማ ስለሆነ ይህ ችግር የለበትም፤ ለዚህ ነው ያው አውሮፕላን ሲመለስ በአንድ ትንፋሽ አዲስ አበባ የሚገባው። አዲሱ ኤርፖርት የታቀደው ቢሾፍቱ አጠገብ ነው፤ ቢሾፍቱ ከተማ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የ400 ሜትሯ ልዩነት እዚህ ላይ ትልቅ ነገር ናት።

ሲሄዱ የሚታረፍበት ከተማ እንደየዘመኑ ተቀያይሯል። ሮም የነበረበት ጊዜ አለ፣ ደብሊን የነበረበት ጊዜ አለ፣ በቶጎ ሎሜ በኩል የሚሄድም አለ። በየትኛው እንደሆነ ትኬትዎ ላይ «ስቶፕ» የሚለውን ተጭነው ያዩታል። በሁለቱ ቁራጮች ላይ ደረጃ 3ን እየደገሙ ቢያሰሉ የሚከተለው ይወጣል፦

በሮም፦ 4,481 + 7,232 = 11,713 ኪሎ ሜትር
በደብሊን፦ 6,365 + 5,464 = 11,829 ኪሎ ሜትር
በሎሜ፦ 4,148 + 8,602 = 12,750 ኪሎ ሜትር

ሮም ከቀጥታው የምትጨምረው 150 ኪሎ ሜትር፣ ደብሊን 270 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ካርታ ላይ ሩቅ የምትመስለው አየርላንድ መንገድ ላይ ናት ማለት ይቻላል። ሎሜ ግን ወደ 1,190 ኪሎ ሜትር ትጨምራለች። ከማረፊያ የሚመጣው ዋናው ኪሳራ ርቀቱ ሳይሆን መውረድና መውጣቱ፣ መሬት ላይ የሚቆመው ሰዓትም ነው።

6. ሰዓቱን ያስሉ

ረጅም ርቀት የሚበሩት የቦይንጉ ድሪምላይነርና ኤርባስ 350 በጉዞ ከፍታቸው በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳሉ። ይህ በአየሩ ውስጥ ያለ ፍጥነት ነው። አየሩ ራሱ ሲንቀሳቀስ በመሬት ላይ የሚለካው ፍጥነት ይለወጣል። በሰሜን አትላንቲክ ላይ ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ፤ በፈረንጆቹ ክረምት፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ ይበረታል። እምብርቱ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ሊያልፍ ይችላል፤ አብራሪዎች ሲሄዱ ይሸሹታል፣ ሲመለሱ ይፈልጉታል። ስለዚህ ለስሌት የሚያዘው አማካዩ ነው፦

አትላንቲክን ወደ ምዕራብ ሲሻገሩ ከ900 ላይ 60 እስከ 80 ይቀንሱ።
አትላንቲክን ወደ ምሥራቅ ሲሻገሩ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ባለው ጠቅላላ ርቀት 40 ያህል ይጨምሩ፤ ግማሹ መንገድ ከነፋሱ ውጭ ነውና።
ከአዲስ አበባ አውሮፓ 20 ይቀንሱ።

በመጨረሻ ለእያንዳንዱ በረራ 35 ደቂቃ ይደምሩ። ይህ ከበር ተነስቶ መንደርደሪያው ጫፍ እስኪደርስ፣ ቀስ ብሎ ሲወጣና ሲወርድ የሚባክነው፣ ካረፈ በኋላም እስከ በር የሚሄድበት ነው። ትኬት ላይ ያለው ጊዜ ከበር እስከ በር ነው፤ አየር ላይ የሚቆዩበት ብቻ አይደለም።

መሄጃ በደብሊን፣ በፈረንጆቹ ክረምት፦
አዲስ አበባ–ደብሊን፦ 6,365 × 1.04 = 6,620፤ ለ880 ሲካፈል 7 ሰዓት ከ31 ደቂቃ፤ 35 ሲደመር 8 ሰዓት ከ6 ደቂቃ
መሬት ላይ፦ 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ
ደብሊን–ደለስ፦ 5,464 × 1.03 = 5,628፤ ለ820 ሲካፈል 6 ሰዓት ከ52 ደቂቃ፤ 35 ሲደመር 7 ሰዓት ከ27 ደቂቃ
ድምር፦ 16 ሰዓት ከ48 ደቂቃ

መመለሻ በቀጥታ፦
11,563 × 1.03 = 11,910፤ ለ940 ሲካፈል 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ፤ 35 ሲደመር 13 ሰዓት ከ15 ደቂቃ

ልዩነቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። አስርዮሹን ወደ ደቂቃ ሲለውጡ አይሳሳቱ፤ 12.67 ሰዓት ማለት 12 ሰዓት ከ67 አይደለም፣ 0.67 በ60 ተባዝቶ 40 ደቂቃ ነው። በሎሜ በኩል ያለውን በዚሁ መንገድ ቢያሰሉ (የሁለተኛውን ቁራጭ ፍጥነት 860 ይዘው፣ ደቡባዊው መንገድ ነፋሱ ይቀላልና) 17 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ ረዝሞ ከደብሊን የሚበልጠው በ45 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው።

ለአገር ውስጥ በረራ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። አዲስ አበባ–ባሕር ዳር 334 ኪሎ ሜትር ነው፤ አውሮፕላኑ የጉዞ ፍጥነቱ ላይ ሳይቆይ መውረድ ይጀምራል። አንድ ሰዓት ይያዙ፣ በቂ ነው።

7. የሁለቱን አገር ሰዓት ያገናኙ

አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ሰዓቷን አትነካም። ዋሽንግተን በዓመት ሁለቴ ትቀይራለች፦ በመጋቢት መጀመሪያ ገደማ (በፈረንጆቹ ማርች ሁለተኛው እሑድ) አንድ ሰዓት ወደፊት፣ በጥቅምት መጨረሻ ገደማ (ኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ) አንድ ሰዓት ወደኋላ። ልዩነቱ በበጋቸው 7 ሰዓት፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ነው፤ ሁልጊዜም አዲስ አበባ ትቀድማለች። አውሮፓ የምትቀይረው በሌላ እሑድ ነው። ስለዚህ በፍራንክፈርት ወይም በለንደን ትራንዚት ያለው ሰው በእነዚያ ሳምንታት የሦስቱንም ከተማ ሰዓት ለየብቻ ያጣራ።

ሥራው በሦስት መስመር ያልቃል። ለምሳሌ በፈረንጆቹ ክረምት ሰኞ 22:30 ከቦሌ የሚነሳ፦

መነሻ በአዲስ አበባ፦ ሰኞ 22:30
16 ሰዓት ከ48 ሲደመር፦ ማክሰኞ 15:18 በአዲስ አበባ
8 ሲቀነስ፦ ማክሰኞ 07:18 በዋሽንግተን

ሲመለሱ ማክሰኞ 11:00 ከደለስ ቢነሱ መጀመሪያ 8 ይደምሩ፣ አዲስ አበባ 19:00 ነው፤ 13 ሰዓት ከ15 ሲጨመር ረቡዕ 08:15። ትኬቱ ላይ ከመድረሻው ሰዓት አጠገብ ያለችው «+1» ቀን ማለፉን ነው የምትናገረው።

ማረጋገጫ ከፈለጉ የሁለቱን አገር የሰዓት ልዩነት ግምት ውስጥ ሳያስገቡ ትኬቱ ላይ ከተጻፈው መድረሻ ሰዓት መነሻውን ይቀንሱ። ሲሄዱ ከ22:30 እስከ 07:18 የሚታየው 8 ሰዓት ከ48 ነው፤ ሲመለሱ ከ11:00 እስከ 08:15 ያለው 21 ሰዓት ከ15። ሁለቱን ደምረው ለሁለት ያካፍሉ፦ 15 ሰዓት ከአንድ ደቂቃ ተኩል። የመሄጃና የመመለሻ እውነተኛ ጊዜ አማካይም (16:48 እና 13:15) ያው ነው። የሰዓት ልዩነቱ አንድ ጊዜ ተደምሮ አንድ ጊዜ ስለተቀነሰ ይጣፋል። ሁለቱ አማካዮች ካልገጠሙ የሆነ ቦታ ልዩነቱን ወደ ተሳሳተ ጎን ደምረዋል። የርቀት ገጹ 15 ሰዓትም ከየት እንደገጠመ አሁን ይታያል።

8. የእኛ ሰዓት አቆጣጠር

ትኬት በፈረንጅ ሰዓትና ቀን ብቻ ነው የሚጻፈው። ለመለወጥ 6 ይቀንሱ፤ ሰዓቱ ከ07:00 በፊት ከሆነ መጀመሪያ 12 ይጨምሩበትና 6 ይቀንሱ፤ ውጤቱ 13 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ 12 ይቀንሱለት። 22:30 ከምሽቱ 4:30 ነው። 08:15 ከጠዋቱ 2:15።

በረራ የሚያስመልጠው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ነው። ትኬቱ «ማክሰኞ 00:40» ካለ እኛ ሰኞ ለማክሰኞ ሌሊት 6:40 የምንለው ነው። ለእኛ ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ስለሆነ ብዙ ሰው ማክሰኞን ቀኑን ሙሉ ሻንጣ ሲያሰናዳ ውሎ ማታ ቦሌ ይሄዳል፤ አውሮፕላኑ ግን በዋዜማው ሌሊት ሄዷል። መነሻው ከ00:00 እስከ 05:59 ከሆነ ከቤት የሚወጡት ትኬቱ ላይ ካለው ቀን ዋዜማ፣ ማታ ወይም ሌሊት ነው። ትኬቱ እጅዎ እንደገባ «ሰኞ ማታ 3 ሰዓት ከቤት መውጣት» ብለው በአማርኛ ይጻፉት።

ደለስ የሚቀበልዎትን ሰውም እንዲሁ። «1 ሰዓት ከ18 እደርሳለሁ» ቢሉት አሜሪካ የከረመ ዘመድ ከቀትር በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ 07:18 መሆኑን ያው በፈረንጅ ሰዓት ይንገሩት፣ ወይም «በሀበሻ ሰዓት» ብለው ይለዩት። ከሁሉ የሚሻለው የበረራ ቁጥሩን መላክ ነው።

9. ከቤት እስከ ቤት

አሁን በረራው ያልሆነውን ይደምሩ። ለዓለም አቀፍ በረራ ቦሌ ቢያንስ ከሦስት ሰዓት በፊት ይገኙ፤ የአሜሪካ በረራ ተጨማሪ የሰነድና የሻንጣ ፍተሻ ስላለው ብዙ ሻንጣ ያለው ሰው አራት ቢያደርገው ይሻላል። ደለስ ላይ ለኢሚግሬሽንና ለሻንጣ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት፣ ወደ ከተማ በመኪና 45 ደቂቃ፣ የሥራ መግቢያ ሰዓት ላይ ከዚያም በላይ። 16 ሰዓት ከ48 የነበረው ከ22 እስከ 24 ሰዓት ይሆናል።

ደለስ ላይ ሌላ በረራ የሚይዙ ከሆነ፣ ለምሳሌ ወደ ሚኒያፖሊስ ወይም ሲያትል፣ ኢሚግሬሽንም ጉምሩክም የሚያልፉት ደለስ ላይ ነው። ሻንጣዎን ወስደው ጉምሩክ አልፈው እንደገና ያስረክባሉ። ከሦስት ሰዓት በታች የሆነ ትራንዚት አይግዙ፤ በተለይ ሁለቱ በረራዎች በተለያየ ትኬት ከሆኑ፣ የመጀመሪያው ቢዘገይ ሁለተኛው አይጠብቅዎትም፣ ገንዘቡንም የሚመልስ የለም።

በመጨረሻ ስሌትዎን ከእውነተኛው ጋር ያስተያዩ። ፍላይትራዳር24 ላይ የበረራ ቁጥሩን ሲጽፉ ያለፈው ሳምንት በረራዎች በነፃ ይታያሉ፣ መቼ እንደተነሱና መቼ እንዳረፉ ጭምር። ሰባቱንም ይመልከቱ፤ አማካዩን ሳይሆን ከሁሉ የዘገየውን ይውሰዱ፣ የትራንዚት ጊዜዎንም በእሱ ይለኩ።